ዝናብ ይውሰደው

ጅማ ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ አላት፤ ዝናብ ይባላል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ የዓመት ፈቃድ አይወጣም። ሰማዩ ጠቆር ሲል ደጅ ጠራጊው ሁሉ መጥረጊያውን ወደ ቦይ ያዞራል። ገራባው፣ ፌስታሉ፣ የውሃ ፕላስቲኩ ተጠራርጎ ይገባል። «ተዪው እቴ፣ ዝናብ ይውሰደው!»

ይወስደዋል። ግን የመንገድ ዳር ቦይ ማጣሪያ የለውም። የገባበትን ሁሉ እንዳለ ለአዌቱ ወንዝ ያስረክባል፤ አዌቱ ለቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ለግልገል ጊቤ ወንዝ። በቦይና በቦዬ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ብዙው ደግሞ እዚያም አይደርስ፤ ከጋሼ በር ሥር ይቀራል። ጋሼ አዲስ የብረት በር ሲያስገጥሙ ስልሳ ሳንቲ ስፋት ባለው ቦይ ላይ የሠላሳ ሳንቲ ቱቦ ቀብረው አፈር ደለደሉበት። ከላይ በኩል አንድ የ100 ካሬ ቆርቆሮ ጣሪያ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,000 ሊትር፣ ማለትም አሥር በርሜል ውሃ ይለቃል። አንዷ ፌስታል ቱቦው አፍ ላይ እንደ መጋረጃ ትዘረጋለች፣ ገራባው ይለጠፍባታል፣ ደለሉ ይመርግባታል። ውሃውም አስፋልት ላይ ወጥቶ ታች ያለው ጸጉር ቤት ይገባል። ያኔ ጋሼ ራሳቸው ቀድመው፣ «አይ፣ መንግሥት የለም!»

መፍትሔው ከቦዩ ያልጠበበ ቱቦ ነው፤ ከዚያም የሚሻለው ሁለት ሰው የሚያነሳው የኮንክሪት ክዳን። ጠረጋው በየካቲት፣ ዝናቡ ሳይጠና ይሁን። የኛ ሰው ግን ደለሉን ቆፍሮ ያወጣና «ይድረቅ» ብሎ ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከምረዋል። በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። በዚያው ቀን በጋሪ ካልተነሣ ድካሙ ስፖርት ነው። ለግንባታ የተራገፈ አሸዋም ያው ነው፤ ከቦዩ ይራቅ፣ ሸራ ይልበስ።

ባጃጅ ጠጋኙ ጋ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት «አቧራ ያስተኛል» ተብሎ መሬት ላይ ይደፋል። አቧራው ይተኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ዘይቱ ተነሥቶ ይሄዳል። ጎኑ የተቆረጠ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ከመፍሰሻው ብሎን ሥር ማስቀመጥ፣ ሲሞላ ወደ ባለ ክዳን ጀሪካን መገልበጥ በቂ ነው። የፈሰሰው ላይ ሰጋቱራ ነስንሶ፣ ሲመጠው ጠርጎ በማዳበሪያ ማሰር ነው። በኦሞ ማጠብ ዘይቱን አያጠፋውም፤ አረፋ አልብሶ ይሸኘዋል።

ቆርቆሮው ሲንጎደጎድ ማንም አይሰማኝም ብሎ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ቦይ የሚለቅ አባወራም አይጠፋም። ድምፁን ዝናቡ ይሸፍንለታል፤ ሽታው ግን በጠዋት በሩ ድረስ መርቶ ያሳያል።

ዕድር ላይ ሁሉም የሚከሰው ከላዩ ያለውን ጎረቤት ነው። ከጅሬን ዳገት ጀምሮ እያንዳንዱ ከታቹ ሌላ ጎረቤት አለው። ከሁሉም ታች ያሉት የቦዬ ጉማሬዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዕድርተኛ አይደሉም።