ቦራካይ ስትሄዱ ወሩን እዩ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የፊሊፒንሷ ደሴት ቦራካይ ዓመቱን ሙሉ ለዋና ትመቻለች ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ገደማ ዋይት ቢች በሚባለው የደሴቷ ዋና የባሕር ዳርቻ ላይ ውኃው ረጋ ያለ ነው፣ እጅግ ያምራል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን ሀባጋት የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ማዕበሉን በቀጥታ ወደዚያው ይገፋዋል። ለልጆች ዋና አይሆንም።

ዋይት ቢች ስቴሽን በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። ጨዋታና ሙዚቃ የሚወድ ስቴሽን 2 ይረፍ። እንቅልፍ የሚፈልግ ስቴሽን 3 ይሻለዋል። ዳርቻው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በእግር መመላለስ ይቻላል።

ደግሞ እባካችሁ፣ አሸዋው ላይ አታጭሱ፣ አልኮልም አትጠጡ፤ ክልክል ነው። ደሴቷ በ2018 እ.ኤ.አ. ለ6 ወር ለጎብኚ ተዘግታ ነበር። ፍሳሽ ወደ ባሕሩ እየተለቀቀ ስለተበከለች ነው። ሕጉ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።