መቼ ነው የተከፈተው?

ሐምሌ ነው። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ የማያባራበት ሰሞን። የወዳጃችን ልጅ ተመርቃ ደስታዋን ልንካፈል ተሰብስበናል። ጠላውም ጠጁም ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ የዝዋይ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። ሲራ ከሚባለው የወይን ዝርያ የተሠራ ነው።

ሰው ግን ወደ ጠጁ አደላ። ማታ እንግዳው ሲበተን ሁለቱም ጠርሙሶች ተከፍተው ቀሩ። ከእያንዳንዱ የተቀዳው ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው። 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ያህሉ አለ። የቤቱ እመቤት ቡሾቹን መልሳ ከተተችና ጠርሙሶቹን ቡፌው ላይ ደረደረቻቸው።

«ለሐሙስ እንግዳ አለብኝ፤ ያኔ ይወጣል» አለች። ቀኑ እሁድ ነበር።

አብሮን ያመሸ አንድ ወጣት አለ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል በአስተናጋጅነት ዓመታት ሠርቷል። «እትዬ፣ እስከ ሐሙስማ አቼቶ ይሆንብዎታል። ወይ ዛሬ እንጨርሰው፣ ወይ ለጎረቤት ይስጡት» አላት።

ይሄኔ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡት አዛውንት ተቆጡ። ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጊዜያቸውን ለንብ ቀፏቸው የሰጡ ሰው ናቸው። «ወይን ሲቆይ አይደል እንዴ የሚጥመው? ፈረንጅ ምድር ቤት አስቀምጦ ሃያ ዓመት ያቆየው የለም? አራት ቀን ምን አላት!»

ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ወዳጃችን ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«አያ፣ የሚቆየው እኮ ታሽጎ ነው። የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አየር ኢምንት ነው። በቡሹ በኩል ሾልኮ የሚገባውም እንደዚያው። ስለዚህ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይበስላል። አሁን ግን ሁለት ብርጭቆ ወይን ወጥቶ በቦታው ሁለት ብርጭቆ አየር ገብቷል። ቡሹን ስንመልስ አየሩን አብረን ነው የቆለፍንበት።»

ከዚያ ወደ ትምህርቱ ገባ። ኦክስጅን መጀመሪያ የፍራፍሬውን ሽታ ይወስደዋል። ከአልኮሉ ላይ ደግሞ የተበላሸ ፖም የሚመስል ሽታ ያወጣል። አየር ሲያገኙ የሚበረቱ ባክቴሪያዎችም አሉ። እነሱ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። አቼቶ የምንለው ይኸው ነው። ጠማቂዎቹ ለመከላከያ ሰልፋይት ይጨምሩበታል፤ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ግን ያም እየደከመ ይሄዳል። የፈረንሳዩ ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የአገሩን ወይን ምን እንደሚያበላሸው ሲመረምር ያጠናው ይህንኑ ነገር ነው። ዛሬ ከወተት ጋር በስሙ የምንጠራውን የማሞቅ ዘዴም በመጀመሪያ ያሰበው ለወይን ነበር።

ጠላውንም ጠጁንም የጣሉት ጎረቤት እስካሁን ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «ታዲያ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉ። «ጋን አፉ ተመርጎ እስካለ ድረስ ጠላው ደህና ነው። ከተከፈተ በኋላ ነው ጣጣው። ሲጎድል ሲጎድል አየሩ ይበዛበታል፤ በሦስት በአራት ቀን ይኮመጥጣል። እኔ ጋኑ ሲጋመስ ወደ ትንሽ እንስራ እገለብጠዋለሁ። እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ጎደሎ ጋን ጠላ ያበላሻል።»

መምህሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «መልሱ ይኸው ነው! ሌላ ምንም አይፈለግም።»

እኔም በዚህ በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። ሰው ወይን ለማቆየት የሚያወጣው ብልሃት ብዙ ነው። አየር የሚስብ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ይረዳል፣ ግን ሁሉንም አየር አያወጣም። ከአየር የሚከብድ አርገን የሚባል ጋዝ የሚነፉበትም አሉ፤ እሱ በእርግጥ ይሠራል፣ ግን እዚህ ማን ቤት ይገኛል? የሚፈላውን ሻምፓኝ በጠርሙሱ አንገት ማንኪያ ሰክቶ ማሳደር ደግሞ እምነት እንጂ ሌላ አይደለም። የጎረቤታችን እንስራ ከሁሉም ይበልጣል። ገንዘብም አይጠይቅ።

እመቤቲቱ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ መጣች። መምህሩ ፕላስቲክ ለአንድ ሌሊት ካልሆነ አልወድም አለ። ክዳኑ የሚጠመዘዝ የግማሽ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ ተፈለገ። በፈላ ውሃ ታጠበ፣ ተንጠፈጠፈ። ከሁለቱ ወይኖች የአንዱ ተረፈ ወደሱ ተገለበጠ። ክዳኑን እስኪነካ ሞላ። ሌላው በነበረበት ጠርሙስ ከነጎደሎው ቡፌው ላይ ይቀመጥ ተባለ፤ አያ የሚሉትን ለማየት።

«በሉ፣ ይሄኛው ፍሪጅ ይግባ» አለ መምህሩ።

አስተናጋጁ ጮኸ። «ቀይ ወይን ፍሪጅ? ኧረ በማርያም! ቀይ በክፍል ሙቀት ነው። ያስተማሩን እንደዚያ ነው።»

«የማን ቤት ክፍል?» አለው መምህሩ።

እዚህ ላይ ክርክሩ ጠነከረ። አስተናጋጁ የተማረውን አጥብቆ ያዘ። ቅዝቃዜ የቀይ ወይንን ሽታ ይደብቃል፣ አፍ የሚይዘውን ጠባዩን ያከርረዋል አለ። ልክ ነው። መምህሩ ግን ሁለት ነገር ለየ። ማስቀመጥ ሌላ፣ መጠጣት ሌላ። ስናስቀምጠው የምንፈልገው ብልሽቱን ማዘግየት ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ያዘገየዋል። ከመጠጣቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከፍሪጅ ማውጣት ነው። ያኔ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል።

«የክፍል ሙቀት» የሚለው ነገርም የመጣው ከአውሮፓ የድሮ የድንጋይ ቤቶች ነው፣ ማሞቂያ ከመስፋፋቱ በፊት። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌ ላይ እዚህ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርበን ነው የምንቀመጠው፤ ወይኑም እንደሚፈለገው ነው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ ባንኮኒ ላይ የዋለ ቀይ ወይን ሲቀዳ ሙቅ ነው። አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ሌላው ይጠፋል።

አስተናጋጁ ትንሽ ዝም አለና እውነቱን ተናገረ። «ልክ ነህ። ወይን በብርጭቆ የሚያዝ ብዙ ሰው የለም። አርብ ለአንድ እንግዳ ይከፈታል። እስከ ረቡዕ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ይሸጣል። ሰው ይቀምስና ፊቱን ይቋጥራል። ወይን አልወድም ብሎ ይሄዳል።»

ይሄን ሲል ልቤን ነካኝ። እኔም አንድ ሆቴል ውስጥ ደርሶብኛል። እህቴን ወይን ላስቀምሳት ብዬ በብርጭቆ አዘዝኩላት። የመጣው ኮምጣጣ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወይን ቀምሳ አታውቅም። የቀመሰችው ወይን አልነበረም፤ የወይን ሬሳ ነው።

ከዚያ ጨዋታው ወደ ጣዕም ዞረ። የአዲስ አበባው ዘመድ በብርጭቆው የቀረችውን ዞር ዞር አደረጋት፣ አፍንጫውን አስጠጋ። «እንጆሪ አለው። ቁንዶ በርበሬም ይሸታል» አለ።

አያ ጣልቃ ገቡ። «በርበሬ ጨመሩበት? ይሄ ፈረንጅ የጻፈውን ማነብነብ ነው። ወይን ወይን ነው የሚለው።»

መምህሩ ማንም ምንም እንዳልጨመረ አስረዳ። ሲራ ውስጥ ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ያለው ያው ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2008 በወይኑ ውስጥ ለይተው አሳውቀውታል። አፍንጫ የሚለየው በእርግጥ ያለ ነገር ነው። ጣዕም የምንለው ደግሞ አብዛኛው የአፍንጫ ሥራ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን ወጡ ሁሉ አፈር የሚሆንብን ለዚህ ነው። ብርጭቆው ሞልቶ የማይቀዳውም ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ እንዲኖረው ነው።

አያ አልተረቱም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አያ፣ ባለፈው ኅዳር ማር አስቀምሰውን ነበር። ይሄኛው የአደይ አበባ ነው፣ ያኛው ግራዋ ገብቶበታል፣ ጉሮሮ ላይ መረር ይላል አላሉንም?»

«ማርማ አውቀዋለሁ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀምሰው የኖርኩት ነው።»

«ወይኑንም የሚያውቁት እንደዚያው ነው።»

መልስ አልሰጡኝም። ብርጭቆውን ግን ተቀበሉ። አሽተው ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። «ምላስ ይይዛል» አሉ። «እንደ ዶቅማ።»

ጎረቤቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶቅማ ያልበላ የጎጃም ልጅ የለም። ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ ግን ምላስን ጨምድዶ የሚይዝ። በቀይ ወይን ውስጥ ያንን የሚያደርገው ታኒን ነው፤ ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ዘር ይወጣል። ወፍራም ሻይ ላይም አለ።

ሐሙስ እንግዳው ከሄደ በኋላ ተመልሰን ተገናኘን። በመሃል መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ነበር፤ በሐምሌ ብርድ ግን ያን ያህል አልጎዳንም። ቡፌው ላይ የዋለው አቼቶ አልሆነም። እውነቱን ለመናገር አስተናጋጁ እዚህ ላይ አጋንኗል። ግን ዳር ዳሩ ወደ ቡናማ ሄዷል። ሽታው የተላጠ ፖም ሲያድር ነው። እንጆሪው የለም። ቁንዶ በርበሬውም የለም። መጨረሻ ላይ ኮምጠጥ ይላል። ከፍሪጅ የወጣው ከእሁዱ ትንሽ ዝቅ ቢልም በሕይወት አለ። እንዲያውም ምላስ አያያዙ ለስለስ ብሏል።

አያ ሁለቱን ደጋግመው ቀመሱ። «ዶቅማው እዚህኛው ላይ አለ» አሉ የፍሪጁን እያመለከቱ። «እዚያኛው ላይ ሞቷል።» ቡፌው ላይ የዋለውን እመቤቲቱ ለጥብስ ወሰደችው።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። አስተናጋጁ ዛሬ ካልጨረስነው ማለቱ ስህተት ነው። ወይን ላለማባከን ብሎ ከአቅም በላይ መጠጣት የለም። እስከ አፉ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስና በፍሪጅ ቀይም ነጭም ሦስት አራት ቀን ደህና ይቆያል። የሚፈላው ዓይነት ብቻ ነው በማግስቱ መጠጣት ያለበት። ፖርቶ የሚባለው አልኮል የተጨመረበት ወይን ደግሞ ሳምንታት ይቆያል። ስለ ማስቀመጡ ትልቁ መምህር ለእኔ ጎረቤታችን ናቸው። ስለ ጣዕሙ ደግሞ አያ፣ ዶቅማ ያሉ ጊዜ። ቼሪ በልተን የማናውቅ ሰዎች ቼሪ ቼሪ ማለት የለብንም። አጋም አለን፣ እንጆሪ አለን፣ ጦስኝና ኮሰረት አለን። በእነዚህ ስሞች ብንጠራው ወይኑን በደንብ እናውቀዋለን።

ሆቴል ገብታችሁ ወይን በብርጭቆ ስታዙ ደግሞ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። መቼ ነው የተከፈተው? ከትናንት ወዲያ ከሆነና ባንኮኒ ላይ ከዋለ ይቅርባችሁ። አስተናጋጁ ወዳጃችንም ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ትንንሽ ጠርሙሶች ገዝቼ ባንኮኒ ኃላፊው ዘንድ እሄዳለሁ ብሏል። እህቴን ይዤ እዚያ ልሄድ ቃል ገብቼለታለሁ።