ለቸሩ ዋጋ ገማች የቀረበ ውዳሴ

በአሜሪካ የዕጣ ሽልማት ሲወጣ ኩባንያው ይመሰገናል፣ አሸናፊውም እንኳን ደስ አለህ ይባላል፤ ከሽልማቱ ስም አጠገብ ያለውን የዶላር ቁጥር የጻፈውን ሰው ግን እስከ ዛሬ ያመሰገነው የለም። ይህ ግፍ ነው። «ግምታዊ የችርቻሮ ዋጋ» ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር የሚወስነው እርሱ ነው፤ ልግስና ከኪስ ሳንቲም ሳይወጣ በብዕር ጫፍ ብቻ በብዙ ሺህ ዶላር ሊያድግ እንደሚችል ያስተማረንም እርሱ ነው። ለጭማሪው ግብር የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑ የቸርነቱን ታላቅነት ከቶ አይቀንሰውም።

ጥበቡን በቅርብ ለማየት፣ ለሁለት ሰው የሚሆን የሐዋይ ሽርሽር ዋጋ እንዴት እንደሚወጣለት መመልከት ይበቃል። ገማቹ የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚያሰላው ከአገሪቱ ሩቅ ከተማ ተነሥቶ፣ ያውም መላው አሜሪካ ለበዓል በሚንቀሳቀስበትና የቲኬት ዋጋ ጣሪያ በሚነካበት ሰሞን ነው። ሆቴሉን የሚያሰላው ደግሞ እንግዶች በስልካቸው ፈልገው በሚያገኙት ዋጋ ሳይሆን፣ በመኝታ ክፍሉ በር ጀርባ በትንሽ ወረቀት በተለጠፈውና ከፍሎት የሚያውቅ ሰው በማይገኝለት ከፍተኛ ዋጋ ነው። በዚህ መልክ 4,500 ዶላር ይበቃው የነበረ ጉዞ 8,000 ዶላር ሆነ እንበል። የውድድሩን ደንብ እስከ መጨረሻው መስመር ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ውበት ያገኛል፤ ዋጋው የተሰላበት የበዓል ሰሞን ብዙውን ጊዜ አሸናፊው እንዳይጓዝ ከተከለከለባቸው ቀናት ውስጥ ነው። ምግቡ፣ የሻንጣውና የታክሲው ወጪ የአሸናፊው ነው፤ ሽልማቱ በጥሬ ገንዘብ አይለወጥም፣ ለሌላ ሰውም አይተላለፍም። ከሁሉ በላይ ግን በወርቅ ቀለም መጻፍ የነበረበት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ጉዞው ከተገመተው ባነሰ ዋጋ ቢገኝ ልዩነቱ ለአሸናፊው አይከፈልም ይላል። አሸናፊው ለልዩነቱ ግብር እንዳይከፍል ግን የከለከለው የለም።

ግብሩን የሚያስታውሰው ቅጽ 1099 የሚባል ወረቀት ሲሆን፣ እስከ 2025 ድረስ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ሽልማት፣ ከ2026 ወዲህ ደግሞ 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ሽልማት፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ ማብቂያ ላይ ለአሸናፊው ይላካል፤ ቅጂው ደግሞ አይ አር ኤስ ለሚባለው የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ይደርሳል። ሽልማት ገቢ መሆኑን በ1954 የወጣው የግብር ሕግ በአንቀጽ 74 ደንግጓል። የማስፈጸሚያ ደንቡ ደግሞ በዓይነት የተሰጠ ሽልማት ግብር የሚከፈልበት በትክክለኛ የገበያ ዋጋው ነው ሲል፣ ስለ ገማቹ ብዕር አንዲት ቃል እንኳ አለመናገሩ ውለታ ቢስነት ይመስለኛል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 22 በመቶ የፌዴራል ግብር የሚከፍል ሠራተኛ በ8,000 ዶላር ላይ 1,760 ዶላር፣ በ4,500 ዶላር ላይ ግን 990 ዶላር ይጠየቃል። በመካከሉ ያለው 770 ዶላር ማንም ላልተሳፈረበት ወንበርና ማንም ላላደረበት አልጋ የሚከፈል ነው። የሚኖርበት ስቴት የገቢ ግብር የሚሰበስብ ከሆነ ያው ቁጥር እዚያም ይከተለዋል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከሆነማ ካውንቲውም ድርሻውን ይወስዳል። ገቢው ከፍ ማለቱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚሰጠውን የግብር ተመላሽና ለጤና መድን የሚደረገውን ድጎማ ሊቀንስበትም ይችላል። ሸላሚው ኩባንያ በበኩሉ ሽልማቱን እንደ ወጪ ሲያስመዘግብ ሕጉ የሚፈቅድለት በእርግጥ ያወጣውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጉዞ በኩባንያው መዝገብ አንድ ዋጋ፣ በአሸናፊው ወረቀት ላይ ሌላ ዋጋ ይዞ በሰላም ይኖራል።

የዚህ ዓይነቱን ደስታ በአደባባይ ያሳየችን ኦፕራ ዊንፍሬይ ናት። በሴፕቴምበር 2004 በስቱዲዮዋ ለተገኙ 276 ታዳሚዎች ለእያንዳንዳቸው 28,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፖንቲያክ ጂ6 መኪና ተሰጠ፤ መኪናዎቹን የለገሰው ፖንቲያክ ነበር፣ የሽያጭ ታክሱንና የሰሌዳውን ወጪም ሸፈነ። የገቢ ግብሩ ግን የባለ ዕድሎቹ ነበርና አንዳንዶቹ እስከ 7,000 ዶላር የሚደርስ ዕዳ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በቴሌቪዥን የታየው እልልታው ነው። መኪናውን ሸጦ ግብሩን መክፈል ወይም ጨርሶ አለመቀበል የሚለውን ምርጫ ለማሰላሰል የተቀመጠው ሰው ፊት አልታየም፤ ካሜራ ሁሉንም ሊያሳይ አይችልምና አንፈርድበትም።

በዚህ መልካም ባህል ላይ እጃቸውን ያነሡ ምስጋና ቢሶች እንዳሉ መደበቅ አይገባኝም። አንድ ደመወዝተኛ በ1948 ከሬዲዮ ፕሮግራም ከኒው ዮርክ ቦነስ አይረስ ደርሶ መልስ የሚያስጉዙ ሁለት የአንደኛ ማዕረግ የመርከብ ቲኬቶች አሸነፈ፤ ዋጋቸው 2,220 ዶላር ነበር። ሰውየው እንደ ባለጸጋ በአንደኛ ማዕረግ ከመንፈላሰስ ይልቅ ከመርከብ ድርጅቱ ጋር ተደራድሮ፣ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጨምሮ፣ ቲኬቶቹን ለአራት ሰው በሚሆኑ የሪዮ ዲ ጃኔሮ የቱሪስት ማዕረግ ቲኬቶች ለወጠና ቤተሰቡን ይዞ ሄደ፤ ለግብርም 520 ዶላር ብቻ አስመዘገበ። መንግሥት በ2,220 ዶላሩ ጸና። የግብር ፍርድ ቤቱም በ1954 ሁለቱንም ሰምቶ፣ ቲኬቱ ለዚህ ሰው የነበረው ዋጋ ለሀብታም መንገደኛ ከሚኖረው ዋጋ ጋር አንድ እንዳልሆነ በማመን፣ 1,400 ዶላር ብሎ ወሰነ። በ1962 ደግሞ ሌላው ከፋ፤ አሠሪው በ4,452 ዶላር ገዝቶ የሸለመውን አዲስ ሊንከን መኪና ወዲያው በሌላ መኪናና በ1,000 ዶላር ለውጦ፣ ዋጋው ይህን ያህል አይደለም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ እንደ ወጣ ዋጋው እንደሚወርድ በመቀበል ወደ 3,900 ዶላር ዝቅ አደረገለት። በወረቀት የተጻፈ ቁጥር በዳኛ ፊት እንዲህ ሲዋረድ ማየት ያሳዝናል።

ደግነቱ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው የእኛ ሰው ከእንዲህ ያለው ነውር የራቀ ነው። የምሥራች ሲባል ምሥር ብላ ብሎ ያደገ ሰው፣ የስጦታን ዋጋ መጠየቅ እንደማያስከብር ያውቃል፤ ይሉኝታው ውቅያኖስ ተሻግሮም አብሮት አለ። ግብር የሚሠራለት ባለሙያ ቅጹን ገልበጥ አድርጎ «ይህ ቁጥር ግን ትክክል ነው ወንድሜ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ተጽፎ መጣ እኮ!» ይለዋል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በማኅተም የመጣ ቁጥር አይነካም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ነውረኞቹ የሚያደርጉትን ስነግራችሁ ግን እንዳትከተሏቸው ነው፤ ሽልማቱን በተቀበሉበት ሰሞን ያው ቲኬትና ያው ሆቴል በስንት ይሸጥ እንደ ነበር ከነቀኑ አትመው ያስቀምጣሉ፣ ለኩባንያው ቅጹን አርምልኝ ብለው ይጽፋሉ፣ እምቢ ሲላቸውም የአይ አር ኤስ ኮምፒውተር ልዩነት አየሁ ብሎ ደብዳቤ እንዳይልክባቸው በግብር ማስታወቂያቸው ላይ መጀመሪያ የቅጹን ቁጥር አስፍረው ከሥሩ ትርፉን ይቀንሳሉ፣ ማስረጃቸውንም በፋይል ይዘው ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ለልጅ ልደት የመጣለትን ስጦታም ደረሰኝ ሳይጠይቅ አይቀርም።

ከእነዚህም የባሰ አለ። ያሸነፈውን የሽርሽር ጉዞ አልፈልግም ብሎ የመለሰ ሰው ግብር እንደማይጠየቅበት መንግሥት በ1957 አስታውቋል፤ ይህም ድፍረቱን ጭራሽ አባሰው። ገማቹ ያን ያህል ደክሞ የጻፈውን 8,000 ዶላር በአንድ ቃል ዜሮ ማድረግ ከጭካኔ ሌላ ምን ይባላል? የውድድሩ ደንብ ግን ለዚህም መድኃኒት አለው፤ ተለዋጭ አሸናፊ ይወጣል። እርሱም ደብዳቤው በደረሰው ቀን የማረጋገጫ ቅጹን ሳያነብ ይፈርማል፣ ግብር በሙሉ የአሸናፊው ኃላፊነት ነው በሚለው መስመር ላይ የስሙን መነሻ ፊደላት ያኖራል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንም አንድ ዲጂት እንዳይሳሳት ሁለቴ እያየ ሞልቶ ይልካል።