ቀበሮ፣ ሾትጋን እና 30 ሜትር

ጠዋት ዶሮ ቤቱ ስትደርሱ መሬቱ ላባ በላባ ሆኗል። ማታ 12 ዶሮ ነበር። 11ዱ አንገታቸው ተቀጭቶ እዚያው ወድቀዋል፣ ሥጋቸው አልተነካም። የጠፋችው አንዷ ብቻ ናት። ሰው ያኔ የሚበግነው በተበላችው ሳይሆን ባልተበሉት ነው። «ርቧት ቢሆን ምናለ፣ ይቺ ለተንኮሏ ነው» ይልና ሾትጋኑን ከተሰቀለበት ያወርዳል።

ቀበሮ ባለበት ገጠር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክርክር ያው ነው። አንዱ «መድኃኒቷ ጥይት ነው፣ ሌላው ወሬ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ጠመንጃ ገና ሲነሳ ጆሮውን ይደፍናል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ቀበሮ መግደል ነውር ነው አልልም። ግን ሾትጋን አንዲትን ቀበሮ፣ ያውም ቅርብ ከመጣች፣ የሚገላግል ዕቃ ነው። የአካባቢውን ቀበሮ ሁሉ ይቀንስልኛል ብሎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን አባከነ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ሌላው ዓለም «ቀይ» የሚላት ቀበሮ እኛ ቀይ ቀበሮ የምንለው እንስሳ አይደለችም። የሰሜንና የባሌ ተራሮቹ ቀይ ቀበሮ ዘመዱ ተኩላ ነው። በዓለም ላይ የቀረውም ጥቂት መቶ ብቻ ስለሆነ ማንም አፈሙዝ ሊያዞርበት አይገባም። የማወራው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ስለተሰራጨችው፣ ለአደን ጨዋታ ተብላ በመርከብ አውስትራሊያ ስለገባችው ቀበሮ ነው።

ወደ ዶሮዎቹ ልመለስ። ሜዳ ላይ ቀበሮ አንድ ወፍ ስትይዝ ሌሎቹ ብር ብለው ይሄዳሉ፣ ጉዳዩም ያበቃል። ዶሮ ቤት ውስጥ ግን ማምለጫ የለም። የሚንፈራገጥ ነገር ባየች ቁጥር ትነክሳለች። ጊዜ ብታገኝ እየተመላለሰች አንድ በአንድ ወስዳ ለክፉ ቀን ትቀብራቸው ነበር። ተንኮል አይደለም። የ11ዱ ዶሮዎች ሞት የተወሰነው ማታ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ጠዋት ሾትጋን ይዞ መንጎራደድ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

እሺ፣ ተመልሳ ትመጣለች እንበል። መምጣቷም አይቀርም። አሁን ስለ ሾትጋኑ እናውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሾትጋን አንድ ጥይት አይተፋም። ብዙ ትናንሽ ፍሬ ይረጫል። ለቀበሮ የሚመከረው ወፈር ያለው ፍሬ ነው። በእንግሊዝ መለኪያ ቢቢ የሚባለውን ብንወስድ 36 ግራም በያዘ አንድ ጥይት ውስጥ ወደ 90 ፍሬ አለ። 90 ሲባል ብዙ ይመስላል። አፈሙዙ በጣም ጠባብ የሆነ ሾትጋን በ36 ሜትር ላይ ከ100 ፍሬ 70ውን 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያሳርፋል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ክቡ ውስጥ የሚገባው 63 ገደማ ነው። የቀበሮዋ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ከመዳፋችሁ ብዙም አይሰፋም። ሒሳቡን ሥሩት። መዳፍ በምታህለው በዚያች ቦታ ላይ የሚያርፈው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው። የቀረው ሆዷን፣ እግሯንና ጅራቷን ያገኛል፣ ወይም አየር ላይ ያልፋል።

ቀበሮ ደግሞ የምታታልለው በጠጉሯ ነው። ስትታይ ትልቅ ናት፣ ስትመዘን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ። «መታኋት እኮ፣ ስትንገዳገድ አይቻታለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። መትቷታል። እሷም ጉድጓድ ገብታ በቁስሏ ቀስ እያለች ትሞታለች፣ ወይም አንካሳ ሆና ትተርፋለች። ሮጦ መያዝ ያቃታት ቀበሮ ወዴት እንደምትሄድ ገምቱ። ወደ ዶሮ ቤት ነው።

ካላመናችሁኝ ካርቶን ላይ ቀበሮ ሳሉ። በጎኗ የቆመች፣ ያለ ጠጉሯ፣ ደረቷ ላይ የመዳፍ ያህል ክብ ያላት። በ20 ሜትር አቁሙና ተኩሱ፣ ክቡ ይበሳሳል። አዲስ ካርቶን አምጡና በ40 ሜትር ድገሙት። ክቡ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም። በወፍ ጥይት ከሞከራችሁት ደግሞ ቀዳዳው ይበዛል፣ ግን ፍሬው ቀላል ስለሆነ አጥንት ላይ አቅም የለውም። ለዚህ ነው 30 ሜትርን ድንበር የማደርገው። የሾትጋን ጥሩ ጎኑም ከዚሁ ይወለዳል። የጠመንጃ ጥይት ኪሎ ሜትሮችን ሲጓዝ የሾትጋን ፍሬ በመቶዎች ሜትር ውስጥ ይወድቃል። ቤትና ከብት አጠገብ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊት በባትሪ ለሚወጣም አንድ ቃል፦ የውሻም፣ የድመትም፣ የበግም ዓይን ያበራል። የጎረቤትን ውሻ የገደለ ሰው «ዓይኑን አይቼ» ቢል ማን ይሰማዋል?

እ.ኤ.አ. በ2000 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሎርድ በርንስ የተመራው የእንግሊዝና ዌልስ አጣሪ ኮሚቴ ቀበሮን በውሻ ማደን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሾትጋን ላይ ሲደርስ፣ በተለይ በቀን ብርሃን ሲተኮስ፣ በእንስሳዋ ስቃይ ረገድ ከውሻው ይሻላል ለማለት አልደፈረም። ያው ሪፖርት በደህና ከተወለዱ ግልገሎች ቀበሮ የምትገድለው ከ100 ሁለት እንደማይሞላ ጽፏል። ግልገል የሚፈጀው ብርድ፣ ረሃብና በሽታ ነው። ሞቶ ያደረውን ግልገል ቀበሮ ስትጎትት የተገኘች እንደሆነ ግን ክሱ የእሷ ነው።

«ቢሆንም ቁጥራቸው ይቀንሳል» የሚለውስ? አንዲት ቀበሮ ስትሞት ግዛቷ ባዶ አይቀርም። ግዛት ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ቀበሮ ሞልቷል፣ ወዲያው ይገባበታል። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምዕራብ አውሮፓ በሽታው በቀበሮ ሲዛመትበት ለዓመታት በጥይት ፈጀ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ነፋ። በሽታው መስፋፋቱን ቀጠለ። በ1978 ስዊዘርላንድ ውስጥ ክትባት የተቀበረበት የዶሮ ጭንቅላት ሜዳ ላይ ተበተነ። አዎ፣ የዶሮ ጭንቅላት። ቀበሮዎቹ በሉት፣ በሽታውም ቆመ። በ1999 አገሪቱ ከበሽታው ነጻ ተባለች። ጠመንጃ ያቃተውን ምሳ ጨረሰው።

ሌላው አውስትራሊያ ነው። ቪክቶሪያ ግዛት፣ ዋርናምቡል አጠገብ፣ ሚድል አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲጎድል ቀበሮ መሻገር ትችላለች። መቶዎች የነበሩት ትናንሽ ፔንጉዊኖች በ2005 ከ10 በታች ሆኑ። መፍትሔው የመጣው ከአንድ ዶሮ አርቢ ነው። ዶሮዎቹን የሚጠብቁለት ማሬማ የሚባሉ ነጭ የእረኛ ውሾች ነበሩት። በ2006 እነዚህ ውሾች ደሴቷ ላይ ተመደቡ፣ ፔንጉዊኖቹም እንደገና በዙ። በ2017 ባሕሩ ስለተናወጠ ውሾቹን ማሻገር ሳይቻል ቀረ። በዚያ ክፍተት 140 ፔንጉዊን አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ አጥር። ቀበሮ ትወጣለች፣ ትቆፍራለችም፣ ስለዚህ ሽቦው ከሰው ቁመት በላይ ይሁን፣ ግርጌውም ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ውስጥ ይግባ። በሩን ሲመሽ የሚዘጋ ሰው ይኑር፣ ሰው ከሌለ በራሱ የሚዘጋ በር አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ የምትገባ፣ የለመደች ቀበሮ ካለች፣ ሾትጋኑ ሥራ አለው።

ወቅቱንም እዩ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቡችሎች የሚወለዱት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፣ አራት አምስት ይሆናሉ፣ ሲወለዱ ዓይናቸው አይገለጥም። እናታቸው ከተገደለች ጉድጓድ ውስጥ በረሃብ ይሞታሉ። ችግሩ፣ በጎችም የሚወልዱት በዚያው ሰሞን ነው። ገበሬው «ሌላ ጊዜ ተኩስ» ሲባል የሚስቀው ወዶ አይደለም። ቢያንስ ጡቷን የምታጠባ መሆኗን አይቶ ይወስን።

ዛሬ ማታ ከዶሮ ቤቱ በር 30 ትልልቅ እርምጃ ቆጥራችሁ አንድ እንጨት ትከሉ። ከእንጨቱ ወዲህ ከመጣች፣ በጎኗ ከቆመች፣ ከኋላዋም ሰውና ከብት ከሌለ፣ ውሳኔው የእናንተ ነው። ከእንጨቱ ወዲያ ከሆነች ጣታችሁን ከቃታው አንሱና በሩን ዘግታችሁ ግቡ።