ሚያዝያ 27፦ ጠላት የገባበት ቀን የድል ቀናችን ይሁን?

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ የፋሺስት ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በእንጦጦ በኩል ወደዚችው ከተማ ገቡ። እኛ በየዓመቱ የምናከብረው ሁለተኛውን ነው። ደርግ በዘመኑ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ እሱ ከወደቀ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ቀኑ አንዴ ተነቅሎ ያውቃል ማለት ነው። ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም።

ሁለት ሰዎች ተራ በተራ እንዲጽፉበት ጋበዝን። አንደኛው ብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ቀኑ እንዳይነካ ይሟገታሉ። ሁለተኛዋ የአርበኛ የልጅ ልጅ ናት፤ ቀኑ ይቀየር ትላለች።

መምህሩ፦

እኔ ሚያዝያ 27ን የምወደው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን በመግጠማቸው ነው። ጠላት በገባበት ቀን ባለቤቱ ተመልሶ ገባ። ከዚህ የተሻለ የድል ቀን ከየት ይመጣል?

ደግሞም አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። ሰንደቅ ዓላማውን እዚያ ሰቀሉ። በጎጃም አድርገው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያና በሐረር በኩል የመጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። እንግሊዞች ንጉሡን አንድ ወር ያህል ደብረ ማርቆስ ላይ አቆዩዋቸው። በከተማው ብዙ ኢጣሊያኖች ስላሉ፣ ንጉሡ ከገቡ ሕዝቡ ይበቀላቸዋል የሚል ስጋት ነበራቸው። ከተማዋ ነፃ ወጥታለች፤ የሀገሩ መሪ ግን ለወራሪው ደኅንነት ሲባል መንገድ ላይ ይጠብቃል! በመጨረሻ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ራስ አበበ አረጋይም አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጉትን የሸዋ አርበኞች ይዘው ተቀበሏቸው።

በዚያ ቀን የሆነ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ንጉሡ ቤተ መንግሥት ገብተው ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑት። ጠላት የሠራውን ግፍ እኛ እንዳንደግመው አሉ። ኢጣሊያ በ1928 በዚሁ ቀን ምን ይዛ እንደገባች የሚያውቅ ሰው፣ በ1933 በዚሁ ቀን የተባለውን ሲሰማ ልዩነቱን ለብቻው ያየዋል። አስረጂ አያስፈልገውም።

የልጅ ልጇ፦

ጋሼ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የወደዱት ነገር እኔን የሚያሳስበኝ ነው።

«ከሚያዝያ እስከ ሚያዝያ፣ አምስት ዓመት» ሲባል ታሪኩ ንጉሡ ሲሄዱ ተጀምሮ ንጉሡ ሲመለሱ ያለቀ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 እስክንሸነፍ ድረስ ስንት ሰው በመርዝ ጋዝ ተቃጥሏል። መጨረሻውስ? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 የኢጣሊያው እንደራሴ፣ የአኦስታው መስፍን፣ ገና አምባላጌ ላይ መሽጎ ነበር። ጎንደር በኢጣሊያው ጄኔራል በናሲ እጅ ነበረች። ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ሰባት ወር ገደማ ማለት ነው። በእነዚህ ወራት አርበኞች ሲሞቱ ነበር። አያቴ ያኔ ጎንደር ዙሪያ ከተዋጉት አንዱ ነው። አዲስ አበባ ድል ብላ ስትዘፍን እሱ ገና እየተተኮሰበት ነበር። በቤታችን ሚያዝያ 27 ሲመጣ «ለእናንተ አልቆ ይሆናል» ይል እንደነበር እናቴ ትነግረናለች።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 27ስ? እርስዎ «ጠላት ገባ» ብለው አለፉት። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናልፈው። ንጉሡ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ባዶሊዮ እስኪገባ ባሉት ቀናት አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ያቃጠላት ኢጣሊያ አልነበረም። ይሄ ያማል፤ ግን ሆኗል። ንጉሡ ይሂዱ አይሂዱ የሚለውም በወቅቱ ትልቅ ጠብ ነበር። ብላታ ተከለ ወልደ ሐዋርያት መሄዳቸውን አጥብቀው ተቃውመዋል። በበዓሉ ዕለት ይህን የሚያነሳ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። ሁለተኛው ሚያዝያ 27 የመጀመሪያውን ውጦታል። ለዚህ ነው በዓሉ ወደ ኅዳር 18 ይዛወር የምለው። የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር መሣሪያውን ያስቀመጠበት ቀን እሱ ነው።

መምህሩ፦

ልጄ፣ አያትሽን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያሉት እውነት ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 27 አላለቀም። በዚህ አልከራከርሽም።

የንጉሡ መሄድም ቢሆን ሊጠየቅ ይገባዋል። ሆኖም ሲሄዱ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾመው ነው። መንግሥቱ ወደ ጎሬ ዞሮ ትግሉ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት ባይኖር ኖሮ፣ በ1933 ማን «ይህ ዙፋን ባለቤት አለው» ይል ነበር?

በዓሉ የሞቱትን ረስቷል የምትይው ላይ ግን አልስማማም። ያንን ንግግር አንብቢው። ንጉሡ በድል ቀን የካቲት 12 ቀን 1929ን በስሙ ጠርተውታል። በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ያለቁትን፣ በአካፋና በመጥረቢያ የተገደሉትን፣ ከነልጆቻቸው በቤታቸው የተቃጠሉትን አንስተዋል። በዓሉ ከመጀመሪያው ቀኑ ጀምሮ ሐዘኑን ይዞ ነው የተወለደው። በኋላ የረሳነው እኛ ነን። እኛ ለረሳነው ቀኑ ምን አጠፋ?

ኅዳር 18ን ደግሞ ልጠይቅሽ። ደርግ መጋቢት 28ን የመረጠው ንጉሡን ከታሪኩ ለማውጣት ነው። ንጉሡ ሲወጡ ማን ቀረ? አዲስ አበባን የተረከበው የእንግሊዝ ጄኔራል ቀረ። የሀገራችን የድል ቀን የከኒንግሃም ቀን ሆነ ማለት ነው። የጎንደሩም ያው ነው። ናሲ እጁን የሰጠው ለእንግሊዝ ጦር ነው። ሚያዝያ 27 ግን የእኛ ነው። በዚያ ቀን የሚታዩት የእኛ መሪ፣ የእኛ አርበኞች፣ የእኛ ሰንደቅ ዓላማ ናቸው።

የልጅ ልጇ፦

የጎንደሩ «ያው ነው» የሚለው አልገባኝም፤ አልቀበለውምም። ጎንደር ዙሪያ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። ያንን አውራጃ ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ ለጠላት እረፍት ያልሰጠው የእንግሊዝ ጦር አይደለም። ፊርማውን የተቀበለ ሰው እንግሊዛዊ ስለሆነ ድሉ የእንግሊዝ ነው ካልን አምባላጌንም እንስጣቸው። የትግራይ አርበኞች እዚያ ያፈሰሱት ደም ታዲያ የት ይግባ?

ሚያዝያ 27ስ በእርግጥ የእኛ ብቻ ነበር? እንግሊዞች ኢትዮጵያን የያዙት «ከጠላት የተማረከ ግዛት» ብለው ነው። የራሳቸውን ወታደራዊ አስተዳደር አቆሙባት። ስምምነት የተፈረመው ጥር 1934 ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ነገር በእጃቸው ያስቀረ ነበር። ኦጋዴንንና አጠገቡ ያለውን ሐውድን ሙሉ በሙሉ ለቀው እስኪወጡ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሚያዝያ 27 ቤተ መንግሥቱ ተመለሰ። ሀገሩ ገና አልተመለሰም ነበር።

አንድ የከበደ ነገርም ልጨምር። በላይ ዘለቀ ጎጃምን ለጠላት እሳት ያደረገ ሰው ነው። በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የሰቀለው ኢጣሊያ አይደለም። ቀኑ የቤተ መንግሥት መመለሻ ተብሎ ሲጻፍ እንዲህ ያለው ታሪክ መግቢያ በር ያጣል።

መምህሩ፦

የበላይ ነገር እኔንም ያቃጥለኛል። አርባ ጊዜ አስተምሬው አርባ ጊዜ ቃል አጥቼበታለሁ። ነገር ግን የ1937ን በደል የ1933ቱ ቀን ይሸከም ማለት አይገባም።

ስለ እንግሊዝ የተናገርሽው እንዲያውም የኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ንጉሡ በገቡ በሳምንት ውስጥ፣ ግንቦት 3፣ የራሳቸውን ሚኒስትሮች ሾሙ። እንግሊዞች አልወደዱትም። መንግሥት ያቋቁሙ ያላቸው አልነበረም። ከተማው ውስጥ ባይሆኑ ኖሮ እንዴት ያደርጉት ነበር? ሚያዝያ 27 ባይኖር ግንቦት 3 የለም። ግንቦት 3 ባይኖር ያ ወታደራዊ አስተዳደር ስንት ዓመት ይከርም እንደነበር ማን ያውቃል? ያን ቀን የምታዪው ሰልፍና ፈረስ ብቻ አይምሰልሽ። አንድ ሀገር «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ያለበት ቀን ነው። ለጠላት ብቻ አይደለም የተነገረው፤ ለወዳጅም ጭምር ነው። ለወዳጅ መንገር ደግሞ ይከብዳል።

የልጅ ልጇ፦

ይህኛው ክርክርዎ ጠንካራ ነው። ግን ጀርመኖችን ይመልከቱ። እነሱ የኅዳር 9 ቀን አላቸው፣ በእነሱ አቆጣጠር። በ1918 ሪፐብሊክ የታወጀው በዚያ ቀን ነው። በ1923 ሂትለር ሙኒክ ላይ መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው በዚያው ሰሞን ሲሆን በዚያ ቀን ከሸፈበት። በ1938 የአይሁድ ምኩራቦች የተቃጠሉት በዚያ ሌሊት ነው። በ1989 የበርሊን ግንብ የተከፈተውም በዚያው ቀን ነው። ከሁሉ የሚያስደስታቸው የመጨረሻው ነበር። ብሔራዊ በዓላቸውን ግን እዚያ አላደረጉትም። ሁለቱ ጀርመኖች የተዋሃዱበትን ጥቅምት 3 መረጡ። በ1938 ሐዘን ላይ ርችት አይተኮስም ብለው ነው። እኛስ ከተማችን በወደቀችበት ቀን ለምን እንጨፍራለን?

መምህሩ፦

በጣም ጥሩ ምሳሌ አመጣሽ። ግን አይመሳሰልም። ጀርመኖች የሸሹት ራሳቸው በሠሩት ወንጀል ቀን ላይ መደሰትን ነው። ትክክል አድርገዋል። በሚያዝያ 27 ቀን 1928 የሆነው እኛ ላይ የተፈጸመ ነው። ሙሶሊኒ ያን ዕለት ማታ ሮም ላይ ሕዝብ ሰብስቦ ጦርነቱ አለቀ ብሎ አወጀ። በዚያ ቀን ያፈረ ካለ ይፈር። እኛ ለምን ቀኑን ለቀንለት እንሂድ? ሙሶሊኒ «አለቀ» ባለበት ቀን «አላለቀም» ማለት ትልቅ ነገር ነው።

የልጅ ልጇ፦

ዘረፋውና ቃጠሎው ግን የእኛ ነበር ጋሼ። እሱን እንዳንረሳ።

እሺ፣ በዚህ አንድ ነገር ልቀበል። ሙሶሊኒ «አለቀ» ያለበት ቀን ነው የሚለው ሐሳብ ያሳምነኛል። ግን እንዲያ ከሆነ በዓሉ ከ1928 ይጀምር። አሁን የሚደረገው አበባ ማስቀመጥ፣ ንግግር፣ የአርበኞች ፉከራ ነው። እወደዋለሁ። አባት አርበኞች ጎፈር ደፍተው ሲሸልሉ ሳይ ሁሌ እንባዬ ይመጣል። ግን አንድ ልጅ አራት ኪሎ ሐውልቱ ስር ቆሞ ከ1928 እስከ 1933 ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይመለሳል። አዲስ አበባ በወደቀች በሦስተኛ ወሯ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ እንደገቡ አይሰማም። ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ እንደተረሸኑ በዚያ ቀን አይነገረውም። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች በምዕራብ ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር እንደመሠረቱ፣ ሸዋረገድ ገድሌ በጠላት መሀል ሆና አርበኞችን እንደረዳች፣ ከበደች ሥዩም ባሏ ከተገደለ በኋላ ጦር እየመራች እንደተዋጋች ማን ይነግረዋል? ከሚያዝያ 27 በኋላ የሞቱትስ? የጎንደሮቹ ስም አንድ ጊዜ ይጠራ። አስቀድሞም የ1928ቱ ውድቀት ይነበብ፤ ቃጠሎውም፣ የንጉሡ መሄድ ያስነሳው ጠብም ሳይቀር። ይህ ካልሆነ አሁንም ቀኑ ይቀየር እላለሁ።

መምህሩ፦

የ1928ቱ ይነበብ ካልሽ እኔው ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ። ቃጠሎውንም አልዘልም። የጎንደሮቹ ስም ይጠራ፤ ከአያትሽ ይጀመር። ኅዳር 18ንም ጎንደር ላይ አክብሩት፣ ከጠራችሁኝ እመጣለሁ። ሚያዝያ 27ን ግን አልሰጥሽም።