አምስት ደቂቃ መቆም ለከበዳቸው የበረዶ ሸርተቴ ጓደኞቼ

ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ንጋት ላይ አባርቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ተራራው አንድም እግር ሳይረግጠው ሲታይ የሚሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። እስከ ጉልበት የሚያሰምጠውን፣ እንደ ዱቄት የላላውን አዲስ በረዶ ለማግኘት ሳምንታት እጠብቃለሁ። ዳሩ ግን ያ ቀን ደርሶ ከጓደኞቼ ጋር በወጣሁ ቁጥር አንጀቴ አርሮ ነው የምመለሰው፤ የዛሬውንስ ሳልጽፈው ማደር አልቻልኩም።

እኛ የምንሄደው መውጫ ማሽን፣ የተደለደለ መንገድና ጠባቂ ወዳለበት የመዝናኛ ስፍራ አይደለም። ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት የሚይዘንን ፀጉራም ጨርቅ ከስኪያችን፣ ማለትም እግራችን ላይ ከምናስረው ረጅም መንሸራተቻ፣ ሥር ለጥፈን፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በራሳችን ጉልበት ወጥተን፣ ማንም ወዳልነካው ተዳፋት ነው የምንደርሰው። እዚያ የበረዶ ናዳ ቢወርድ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር እስኪደርስ የሚጠብቅ ጊዜ የለም። ከበረዶ ሥር የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ዕድሉ እጅግ ይመነምናል። ስለዚህ የሚያወጣኝ አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ነው፣ እሱን የማወጣውም እኔ ነኝ።

ለዚህም ነው እያንዳንዳችን በ457 ኪሎ ኸርዝ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ደረታችን ላይ የምናስረው። የተቀበረው ሰው መሣሪያ ምልክቱን ሲልክ፣ የተረፉት የራሳቸውን ወደ መፈለጊያ ቀይረው ይከተሉታል፤ ሲቀርቡም በረጅሙ ዘንግ በረዶውን እየወጉ ያለበትን ካገኙ በኋላ በአካፋ ይቆፍራሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው መሣሪያው ሲሠራ ብቻ ነው። መሥራቱን ለማወቅ የሚጠየቀውም መነሻው ላይ ቆሞ፣ አንዱ መሣሪያውን ለመፈለጊያ አዘጋጅቶ ሌሎቹ አንድ በአንድ በፊቱ ሲያልፉ የእያንዳንዳቸውን ምልክት ማዳመጥ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን አምስት ደቂቃ ነው የሚነፍጉኝ። «ባለፈው ሳምንት ሠርቷል እኮ»፣ «ሌሎች ቀድመውን አዲሱን በረዶ ሊያበላሹት ነው»፣ «አንተ ደግሞ ሁሌ ነገር ታከብዳለህ» ይሉኛል። በቀደም ግን እምቢ ብዬ መንገዱ መሐል ቆምኩ። አራቱ ሲያልፉ የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ሰማሁ፤ አምስተኛው ሲያልፍ ምንም የለም። ጃኬቱን ሲከፍት መሣሪያው ጠፍቶ ነበር። «ላይ ስንደርስ ልከፍተው ነበር» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሌላኛው ደግሞ ቪዲዮ ለመቅረጽ እንዲመቸው ስልኩን ከመሣሪያው ጋር ደረቱ ላይ ደርቦ ይዞት ነበር፤ ስልክ ምልክቱን ስለሚረብሽ መሣሪያው ምልክት በሚልክበት ጊዜ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በሚፈልግበት ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር መራቅ እንዳለበት ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

መነሻው ላይ ተስማምተን ብንወጣ እንኳ ንዴቴ አያበቃም። ዛሬ መንገድ ላይ ሳለን ከእግራችን ሥር የታፈነ፣ ከባድ ነገር ወለል ላይ እንደ መውደቅ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ከስኪዬ ጫፍ ተነሥቶም ቀጭን ስንጥቅ በበረዶው ላይ ሮጠ። ይህ ከላይ ያለው ንብርብር ከሥሩ ያለውን ደካማ ንብርብር እንደሰበረው ተራራው በግልጽ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ነፋሱም ሌሊቱን በረዶውን ከወዲያኛው ወገን ጠርጎ፣ ልንወርድበት ባሰብነው ተዳፋት ላይ ሲከምር አድሯል። ስለካው 38 ዲግሪ ሆነ። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ደግሞ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። እንመለስና በዛፎቹ መካከል ባለው ለስላሳ ቁልቁለት እንውረድ አልኳቸው። በረዶው እዚያም ያው ነው፣ ያው ዱቄት ነው፣ ደስታውም አይቀንስም።

ፈሪ ተባልኩ። ከረጅም ክርክር በኋላ፣ የግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይውረድ፣ ሌላው ከዳር ቆሞ ይጠብቀው፣ እሱ ታች ከአደጋው ክልል ሲወጣ ብቻ ተራ እንቀያየር ብለን ተስማማን። የመጀመሪያው አሥር ሜትር እንኳ ሳይርቅ ሁለተኛው ተከተለው፤ ሦስተኛውም ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ከኋላቸው ገባ። ሦስቱ አንድ ላይ ተዳፋቱ ላይ እያሉ ናዳ ቢነሣ ማን ማንን ይፈልጋል? ከዳር የቀረነው ሦስታችን ሦስቱን በደቂቃዎች ውስጥ ቆፍረን እናወጣቸዋለን ብለው አሰቡ ይሆን? የወረደ ናዳ ቆሞ ሲረጋ እንደ ሲሚንቶ እንደሚጠጥር ሁሉም ያውቃሉ፤ ስለ በረዶ ናዳ የሚሰጠውን ኮርስ አብረን ነው የወሰድነው።

ምንም አልሆነም። ይህ ነው ይበልጥ የሚያበሳጨኝ። ታች ደርሰው «አየህ?» አሉኝ። ናዳ አለመውረዱ ትክክል መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ይመስላቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ይህችኑ ቀን ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱብኛል። እኔ ግን ሦስቱም ወርደው እስኪቆሙ ድረስ ዘንጌን ዘርግቼ፣ አካፋዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ እያንዳንዳቸው የት ላይ እንዳሉ በዓይኔ ስከተል ነበር። የዓመቱን ምርጥ በረዶ እንዲህ ነው ያሳለፍኩት። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ፣ እነዚህ ልጆች እጅግ የምወዳቸው ጓደኞቼ መሆናቸው ነው።

ለቅዳሜ እንደገና ተቀጣጥረናል። የሁሉም መሣሪያ ሳይፈተሽ አንድ እርምጃ እንደማልሄድ፣ ተዳፋት ላይም ሁለት ሰው አብሮ ከገባ እዚያው ጥያቸው እንደምመለስ በቡድናችን የመልእክት መስመር ላይ ጽፌያለሁ። ከአምስቱ እስካሁን የመለሰልኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መሣሪያው ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ነው፣ አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ ብሎ።