ለኮማም ይከፈላል እንዴ?

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ፤ ካልሆነ ልፈነዳ ነው።

«እናቴ፣ ለኮማም ይከፈላል እንዴ?» አለኝ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ያሳረመኝ ደንበኛ። ኮማ! ያረምኩለትን 18 ገጽ ሪፖርት አንስቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ እንደ ሐሰተኛ ብር አገላብጦ አየው። ከዚያ 2ኛውን ገጽ አውጥቶ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ መቁጠር ጀመረ። «አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ይቺ ደግሞ ምንድናት? ነጥብ ከነጭራዋ! 14 ቦታ ነክተሽ ሁሉም ነጥብና ጭረት ነው። እንግሊዝኛውን አርሚ አልኩሽ እንጂ ዝንብ አስቀምጪበት አልኩሽ?» ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዓረፍተ ነገሩ እኮ...» ስል «ኮምፒዩተሩ ቀይ ያላሰመረበትን አንቺ ምን አግብቶሽ?» ብሎ አፌን አዘጋኝ።

ቀይ መስመር የሚመጣው ለፊደል ግድፈት ነው። ቃሉ ሁሉ በትክክል ተጽፎ ዓረፍተ ነገሩ ገደል ሊገባ ይችላል። ይኸው የጋሼ 2ኛ ገጽ፦

«ዘ ፕሮጀክት ስታርትድ ኢን ጃንዋሪ፣ ኢት ሄልፕድ ሜኒ ፋርመርስ፣ ዘ በጀት ዋዝ ሌት፣ ዌን ዘ ሬይን ኬም ዘ ሲድስ ዌር ኖት ዴሊቨርድ።»

አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ግን ራሳቸውን የቻሉ አራት ዓረፍተ ነገሮች በሦስት ኮማ ተጣብቀው፣ እዚህ ሐዋሳ ከሪፈራል ፒያሳ ስድስት ሰው የጫነ ባጃጅ መስለዋል። (ባጃጅ ካልኩ አይቀር፣ ጠዋት «ዝርዝር የለኝም» ብሎ መልሴን ይዞብኝ የሄደው ልጅ፣ አልረሳሁህም።) ኮማ ስፕላይስ የሚባለው ይኼ ነው። ለመለየት ኮማውን በጣታችሁ ሸፍኑና ግራና ቀኙን ለየብቻ አንብቡ። ሁለቱም ብቻቸውን ከቆሙ ኮማ አትችላቸውም። ወይ ነጥብ፣ ወይ ሴሚኮለን (;)፣ ወይ ከኮማዋ ቀጥሎ አያያዥ ቃል። አያያዦቹ 7 ናቸው፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። «ሃውኤቨር» የለችበትም! እባካችሁ የለችበትም! ሁለት ዓረፍተ ነገር መሀል ከገባች ከፊቷ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን፣ ከኋላዋ ኮማ ትፈልጋለች። ይቺን በዓመት ስንቴ ነው የምናገረው?

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦ «ዘ ፕሮጀክት ስታርትድ ኢን ጃንዋሪ ኤንድ ሄልፕድ ሜኒ ፋርመርስ። ዘ በጀት ዋዝ ሌት፣ ሶ ዌን ዘ ሬይን ኬም፣ ዘ ሲድስ ሃድ ኖት ቢን ዴሊቨርድ።» «ኢት»ን አወጣኋት፤ የጀመረውም የረዳውም ያው ፕሮጀክቱ ነው፣ ባለቤቱ ካልተደገመ ደግሞ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ አያስፈልግም። «ሃድ ኖት ቢን» ያልኩት ዝናቡ ሲመጣ ዘሩ ገና እንዳልደረሰ እንዲታወቅ ነው። «ሶ» ደግሞ ዋናዋ ናት፤ ዘሩ የቀረው በጀቱ ስለዘገየ መሆኑን የምትናገር እሷ ብቻ ናት። በእሱ ኮማ ቢሄድ ኖሮ ለጋሾቹ ጥፋቱን የጋሼ አድርገው ያነቡት ነበር። ይኼን ነው ዝንብ ያለው!

ጥፋቱ የስንፍናም አይደለም፤ አማርኛችን ነው ተከትሎን የሚመጣው። «መጥቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ሄደ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ሄደ» ሁሉንም ትሸከማለች። የእንግሊዝኛ ግስ ግን እንዲህ በመጨረሻው ግስ ላይ አይንጠለጠልም፤ ወይ የራሱን ባለቤት ወይ እንደ «ኤንድ» ያለ አያያዥ ይፈልጋል። «አልመጣሁም። ምክንያቱም አሞኝ ነበር» ብትሉ በአማርኛ ማንም አይቆጣም። «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» ብላችሁ ነጥብ ስትጥሉ ግን አንጠልጥላችሁ ሄዳችኋል። ከ«ቢኮዝ» በፊት ያለችውን ነጥብ አጥፍታችሁ ከፊተኛው ጋር አገናኙት፣ አለቀ። «ቢዘገይም ግን ደረሰ» የምትለዋ ደግሞ «ኦልዞ ኢት ዋዝ ሌት፣ በት ኢት አራይቭድ» ሆና ትመጣለች። ከ«ኦልዞ»ና ከ«በት» አንዷን ሰርዙ፤ የትኛዋንም ብትሰርዙ ግድ የለኝም። «የገዛነው ዘር» ላይ ያለችው «ው» ደግሞ «ዘ ሲድ ዊች ዊ ቦት ኢት» ላይ «ኢት» ሆና ትወለዳለች። እሷም ትውጣ፤ ሥራዋን «ዊች» ሠርታዋለች። «አስፈላጊ ነው» ስለምንል «ኢዝ ኢምፖርታንት» ብሎ የሚጀምር መዓት ነው። «ኢት»ስ? እዚያ ትርፍ ሆና እዚህ ጠፋች!

ሰኔ ሲደርስ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፍማ አይወራም። «አፍተር ኮሌክቲንግ ዘ ዳታ፣ ዘ ኮምፒዩተር ዋዝ ስቶለን።» እንደ አጻጻፉ ዳታውን የሰበሰበው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ምስኪን፣ ያን ያህል ለፍቶ ተሰረቀ። «አፍተር ዊ ኮሌክትድ» ብትሉ ሰብሳቢው ይታወቃል። ይኼን ሳርም መብራት ሄዶ ሴቭ ያላደረግኩት 6 ገጽ ጠፍቶብኛል፤ እሱን ማን ይክፈለኝ?

መልሱ የመጣልኝ ደግሞ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ለኮማማ ይከፈላል ጋሼ! አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የወተት መኪና ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ብለው ከሰሱ። ሕጉ ይኼን ክፍያ የማያስገኙትን ሥራዎች ሲዘረዝር ከመጨረሻው «ኦር» በፊት ኮማ አልነበረም። እና «ማከፋፈል» ራሱን የቻለ ሥራ ይሁን ወይስ «ማሸግ ለጭነት ወይም ለማከፋፈል» ማለት ይሁን አልለይ አለ። ሾፌሮቹ ደግሞ ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። እኔ የጠየቅኩት 360 ብር ነው፤ በገጽ 20። 300 ጥሎልኝ ሄደ።

ይኸው ሰው አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ ወርዶ ዓሣ ሲያስበልት እሾሁን ላወጣለት ልጅ ሳይከራከር ይከፍላል። እሾሁን አይበላው፣ ወደ ቤት አይወስደው፤ ስለወጣለት ብቻ ነው የሚከፍለው።

አሁን ቴሌግራም ላይ መልእክት ልኮልኛል። ነገ ጠዋት የ32 ገጽ አባሪ ይዞ ይመጣል፣ «እንደዚያኛው አታብዢበት» ብሏል። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። የመጀመሪያው መስመር በ«ቢኮዝ» ጀምሮ በነጥብ ያልቃል።